የመሬት ቀያሾች የሥራ ፈቃድ ሕግ በዩናይትድ ስቴትስ

ሐኪም ያለ ፈቃድ በሽተኛ እንዳያክም፣ ጠበቃም ያለ ፈቃድ በፍርድ ቤት እንዳይቆም ሕግ ሲከለክል ምክንያቱን ለማንም ማስረዳት አያስቸግርም። መሬት ለኪን ፈቃድ አውጣ ማለት ግን ለብዙ ሰው እንግዳ ነገር ሊመስለው ይችላል። ገመድ መዘርጋት፣ ቍጥር መጻፍና ቍጥሩን ማባዛት የአንደኛ ደረጃ ተማሪም የሚችለው ሥራ ነው። ዛሬማ በኪስ የሚያዝ ስልክ እንኳ ከሳተላይት ምልክት ተቀብሎ ባለቤቱ የቆመበትን ስፍራ ይነግረዋል። ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ በዩናይትድ ስቴትስ ካሉት 50 ስቴቶች በአንዱም ቢሆን ፈቃድ የሌለው ሰው የሌላውን ርስት ወሰን ለክቼ አሳያለሁ ብሎ ዋጋ ሊቀበል አይችልም። ይህን ቢያደርግ ጥፋተኛ ይባላል፤ በብዙዎቹም ስቴቶች ጥፋቱ በወንጀል ያስከስሳል።

ይህ ጽሑፍ የዚህን ሕግ ምክንያትና አሠራር ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።) አሳቡን አስቀድመን በአጭሩ ብንናገር፣ ሕጉ ፈቃድ የጠየቀው የመለኪያውን ሥራ አክብዶ ሳይሆን የምስክርነቱን ሥራ አክብዶ ነው። ቀያሽ በመሬት ላይ ችካል ሲተክል በደንበኛውና በደንበኛው ጎረቤት መካከል መመስከሩ ነው። ጎረቤቱ ቀያሹን አልቀጠረውም፤ ዋጋም አልከፈለውም፤ ምናልባትም መምጣቱን አላወቀም። ምስክርነቱ ሐሰት ወይም ስሕተት ቢሆን ግን የሚጎዳው እርሱ ጭምር ነው። ሐኪም ቢሳሳት የሚጎዳው ወደ እርሱ የመጣው በሽተኛ ሲሆን፣ ቀያሽ ቢሳሳት የሚጎዳው ብዙ ጊዜ ወደ እርሱ ያልመጣ ሰው ነው።

መለካትና ወሰን መፈለግ

ነገሩን ለመረዳት የአሜሪካ መሬት እንዴት እንደ ተከፋፈለ ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። ኮንግሬስ በ1785 ባወጣው የመሬት ድንጋጌ፣ ከኦሃዮ ወንዝ ማዶ ያለው የመንግሥት መሬት ከመሸጡ በፊት በአራት ማዕዘን እየተቀየሰ እንዲከፋፈል አዘዘ። አንዱ ታውንሺፕ በየጐኑ 6 ማይል ነው፤ እርሱም በ36 ክፍል ይከፈላል፤ እያንዳንዱም ክፍል አንድ ማይል በአንድ ማይል፣ ማለት 640 ኤከር ይሆናል። መለኪያው እንግሊዛዊው ኤድመንድ ገንተር በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ያወጣው ባለ 100 ዘለበት ሰንሰለት ነበር። ርዝመቱ 66 ጫማ ስለ ሆነ 80 ሰንሰለት አንድ ማይል፣ 10 ካሬ ሰንሰለትም አንድ ኤከር ይሆናል። በእኛ አገር ቀላድ የመለኪያው ገመድ ስም ሆኖ ሳለ በእርሱ የተለካውም መሬት ቀላድ እንደ ተባለ፣ በዚያም አገር የመሣሪያው ስም የርዝመት ስም ሆኖ በድሮ ውሎች ላይ ቀርቷል።

ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ እጅግ ያምራል። ሰንሰለቱ በጫካ፣ በረግረግና በገደል ላይ ሲጎተት ግን ነገሩ ሌላ ነው። ዘለበቶቹ በአገልግሎት ብዛት እየተበሉ ሰንሰለቱ ይረዝማል፤ ኮምፓሱ ብረት ባለበት ተራራ አጠገብ ይስታል፤ ሰንሰለት ጎታቾቹም ሲመሽባቸው ይቸኩላሉ። ስለዚህ በመዝገቡ ላይ 80 ሰንሰለት ተብሎ የተጻፈው አንድ ማይል፣ ማለት 5,280 ጫማ፣ ዛሬ በጥሩ መሣሪያ ሲለካ 5,310 ጫማ ሆኖ ቢገኝ የሚያስደንቅ አይደለም።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። ድንጋዩ ከተተከለበት ስፍራና በመዝገቡ ከተጻፈው ቍጥር የትኛው ይጸናል? ኮንግሬስ በየካቲት 1805 ባወጣው ሕግ ለዚህ መልስ ሰጥቶአል። የመጀመሪያዎቹ ቀያሾች በመሬት ላይ የተከሏቸው ማዕዘኖች ትክክለኛ ማዕዘኖች ሆነው ይጸናሉ፤ ልኩ ጐድሎ ወይም ተርፎ ቢገኝም አይነቃነቁም። የሕጉ ምክንያት ግልጽ ነው። ገበሬው መሬቱን የገዛው ድንጋዩን አይቶ ነው፤ ቤቱን የሠራው፣ አጥሩን ያጠረውና ለልጁ ያካፈለው ከድንጋዩ ተነሥቶ ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ የተሻለ መሣሪያ የያዘ ሰው መጥቶ ድንጋዩን 30 ጫማ ቢያነሣው፣ የሚያናጋው አንዱን ገበሬ ብቻ ሳይሆን በዚያ መስመር ያሉትን ባለ ርስቶች ሁሉ ነው።

በሚሺጋን ስቴት የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩት ቶማስ ኩሊ ይህንኑ ነገር በ1880ዎቹ መጀመሪያ ለቀያሾች በጻፉት ጽሑፍ አስረድተዋል። አሳባቸው በአጭሩ፣ የኋለኛው ቀያሽ ሥራ የፊተኛውን ስሕተት ማረም ሳይሆን የፊተኛው ማዕዘኑን የት እንዳኖረው ማግኘት ነው የሚል ነው። ኩሊ ቀያሽ ዳኛ ነው አላሉም፤ ባለቤትነትን የመወሰን ሥልጣን የፍርድ ቤት ብቻ ነው። ነገር ግን ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ወደ ፍርድ ቤት ሳይሄዱ የቀያሹን ቃል ተቀብለው ስለሚኖሩ፣ ቀያሹ ማስረጃን እንደ ዳኛ መመዘን እንዳለበት አሳስበዋል።

ማስረጃውን መመዘን ማለት ምን እንደ ሆነ በምሳሌ ብናሳይ ይሻላል። በብዙ አገሮች የመንግሥት ቀያሾች ከማዕዘኑ አጠገብ ያሉትን ሁለት ወይም አራት ዛፎች ልጠው ምልክት ያደርጉባቸው ነበር፤ በማስታወሻቸውም የዛፉን ዓይነት፣ ውፍረቱን፣ አቅጣጫውንና ከማዕዘኑ ያለውን ርቀት ይጽፋሉ። ከብዙ ዘመን በኋላ የማዕዘኑ ግንድ በስብሶ ይጠፋል፤ ዛፎቹም ይቈረጣሉ። የዛሬው ቀያሽ ማስታወሻውን ይዞ የጉቶውን ቅሪት ይፈልጋል፤ አፈሩን በቀስታ እየገለጠ ግንዱ በበሰበሰበት ስፍራ የጠቈረውን የአፈር ክብ ያስሳል፤ የድሮውን አጥር ይመረምራል፤ የሰፈሩን ሽማግሌዎች ይጠይቃል። ይህን ሥራ መሣሪያ አይሠራውም። መሣሪያው የቆመበትን ይናገራል እንጂ መቆም የሚገባውን አያውቅም።

በውል ላይ የተጻፉት ቃላት እርስ በርሳቸው ሲቃረኑ ፍርድ ቤቶች የሚከተሉት ቅደም ተከተል አለ። የተዋዋዮቹ አሳብ ሌላ መሆኑ በግልጽ ካልታወቀ በቀር፣ እንደ ወንዝና እንደ ቋጥኝ ያለ የተፈጥሮ ምልክት ይቀድማል፤ ቀጥሎ ሰው የተከለው ድንጋይ ወይም ብረት፤ ከዚያ አቅጣጫና ርቀት፤ በመጨረሻም ስፋት። ገዢ ስለ መሬቱ ሲጠየቅ በመጀመሪያ የሚናገረው ስንት ኤከር እንደ ሆነ ነው፤ በሕግ ፊት ግን ከማስረጃዎቹ ሁሉ ደካማው ይኸው የኤከሩ ቍጥር መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም።

ሕጉ እንዴት ተጀመረ

ቀያሽን መርምሮ መሾም በአሜሪካ ከነጻነት በፊት የነበረ ልማድ ነው። በቨርጂኒያ የዊልያምና የሜሪ ኮሌጅ በ1693 ከእንግሊዝ ንጉሥና ንግሥት በተቀበለው የመቋቋሚያ ጽሑፍ ቀያሾችን የመሾም ሥልጣን አግኝቶ ነበር። ጆርጅ ዋሽንግተን በ1749፣ ገና በ17 ዓመቱ፣ የከልፔፐር አውራጃ ቀያሽ ሆኖ የተሾመው በዚሁ ኮሌጅ በኩል ነው። ለኮሌጅ ተማሪዎች በሚታተም መጽሔት ላይ ይህን ማስታወስ ደስ ያሰኛል፤ አንድ ኮሌጅ ስለ አገሩ ወሰን በሕግ ኀላፊ የነበረበት ዘመን ነበርና።

በኋላ አገሩ ወደ ምዕራብ ሲሰፋ ሥራው ከሹመት ወደ ኮንትራት ተዛወረ። መንግሥት የሕዝቡን መሬት የሚያስለካው በማይል ሒሳብ ለሚከፈላቸው ኮንትራተኞች ነበር። ችግሩ የመጣው ከዚሁ ነው። በካሊፎርኒያ ጆን ቤንሰን የሚባል ሰው የመራው ቡድን በ1870ዎቹና በ1880ዎቹ ብዙ ኮንትራት ወሰደ፤ ከዚያም ሰዎቹ ብዙውን መሬት ሳይረግጡ፣ ቢሮ ተቀምጠው የፈጠራ የመስክ ማስታወሻ እየጻፉ ለመንግሥት አስረከቡ። በወረቀቱ ላይ ዛፍ አለ፣ ድንጋይ አለ፣ ወንዝ አለ፤ በመሬቱ ላይ ግን አንዳችም አልነበረም። በ1887 ቤንሰንና ተባባሪዎቹ ተከሰሱ። ከመሬቱም ብዙው እንደ ገና መቀየስ ነበረበት። የኮንትራቱ ሥርዓት ፈጽሞ የቀረው ግን በ1910 ኮንግሬስ ቀያሾቹ በደመወዝ የሚሠሩ የመንግሥት ሠራተኞች እንዲሆኑ ባዘዘ ጊዜ ነው።

በዚያው ዘመን፣ በ1891፣ ካሊፎርኒያ የመሬት ቀያሾችን ፈቃድ የሚመለከት ሕግ ከስቴቶቹ ሁሉ አስቀድማ አወጣች። ሁለተኛው ታላቅ እርምጃ የዋዮሚንግ ነው። ዋዮሚንግ ደረቅ አገር ስለ ሆነች ከመሬት ይልቅ ውሃ ይከበርባታል፤ የመስኖ ውሃ የሚፈልግ ሰው ማመልከቻውን ከካርታ ጋር ለስቴቱ መሐንዲስ ማቅረብ ነበረበት። መሐንዲሱ ክላረንስ ጆንስተን ካርታዎቹን ሲመረምሩ ብዙዎቹ በጠበቆች፣ በውል ጸሐፊዎችና ሥራውን ጨርሶ በማያውቁ ሰዎች እየተሣሉ «መሐንዲስና ቀያሽ» ተብሎ የተፈረመባቸው ሆነው አገኙአቸው። ቦዩ ከወንዙ ሽቅብ የሚወጣበት ካርታ ቢኖር አያስደንቅም። ስለዚህ በ1907 ስቴቱ መሐንዲሶችም ቀያሾችም ተመዝግበው ፈቃድ ሳያወጡ እንዳይሠሩ ሕግ አወጣ፤ ሕጉ ከወጣ በኋላም የሚቀርቡት ካርታዎች በጥቂት ወራት ውስጥ መሻሻላቸውን ጆንስተን ተናግረዋል። ሌሎቹም ስቴቶች አንዱ ሌላውን እየተከተለ ሕግ አወጡ፤ በ1920ም የየስቴቱ ቦርዶች ተሰብስበው የጋራ ምክር ቤት አቋቋሙ።

ፈቃድ የመስጠቱ ሥልጣን የፌዴራሉ መንግሥት ሳይሆን የየስቴቱ መሆኑ ለውጭ አገር ሰው አስቸጋሪ ነው። ምክንያቱ ሕገ መንግሥቱ ለፌዴራሉ መንግሥት በግልጽ ያልሰጠውን ሥልጣን ለስቴቶቹ መተዉ ነው። በ1889 የዩናይትድ ስቴትስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስለ አንድ የዌስት ቨርጂኒያ ሐኪም በፈረደው ፍርድ፣ ስቴት የሕዝቡን ደኅንነት ለመጠበቅ ሲል ልዩ እውቀት በሚጠይቅ ሙያ ላይ ፈቃድ ሊጠይቅ እንደሚችል አጽንቶአል። የቀያሾቹም ሕግ በዚሁ መሠረት ላይ የቆመ ነው።

ፈቃዱ የሚገኝበት መንገድ

በየስቴቱ ቦርድ አለ። አባሎቹ ባለሙያዎችና፣ በብዙ ስቴት፣ ከሕዝብ የተመረጡ ሙያተኛ ያልሆኑ ሰዎች ናቸው። አመልካቹ ሦስት ነገር ይጠየቃል፤ ትምህርት፣ የሥራ ልምምድና ፈተና። የትምህርቱ መጠን ከስቴት ስቴት እጅግ ይለያያል። አንዳንዶቹ የአራት ዓመት የኮሌጅ ዲግሪ ግድ ይላሉ፤ አንዳንዶቹ ግን ልምምድ ትምህርትን ሊተካ ይችላል ይላሉ። በካሊፎርኒያ ለምሳሌ በቅየሳ የአራት ዓመት ትምህርት የጨረሰ ሰው ሁለት ዓመት ልምምድ ይበቃዋል፤ ዲግሪ የሌለው ደግሞ ስድስት ዓመት መሥራት አለበት። በሁለቱም መንገድ ከዚሁ ጊዜ አንዱ ዓመት ኀላፊነት ባለበት የመስክ ሥራ፣ አንዱም ኀላፊነት ባለበት የቢሮ ሥራ መሆን ይገባዋል። ሰንሰለት ሲጎትት የኖረ ሰው ውል ማንበብ ካልተማረ፣ ውል ሲያነብ የኖረም ጉቶ መፈለግ ካልተማረ ሙሉ ቀያሽ አይደለም ማለት ነው።

ፈተናው በሁለት ደረጃ ነው። የመጀመሪያው የመሠረተ ትምህርቱ ፈተና ሲሆን ሒሳብን፣ የስሕተት ስሌትንና የሕግን መጀመሪያ ይጠይቃል። ሁለተኛው የሙያው ፈተና ከልምምዱ በኋላ ይሰጣል። ሁለቱም ለስቴቶቹ ሁሉ አንድ ሆነው የሚዘጋጁት በቦርዶቹ የጋራ ምክር ቤት ሲሆን፣ የመጀመሪያው ከ2014፣ ሁለተኛው ከ2016 ጀምሮ በኮምፒዩተር ይሰጣሉ። ከእነዚህ በላይ ደግሞ ስቴቱ ስለ ገዛ ሕጉ የሚሰጠው ፈተና ይጨመራል።

በዚህ ላይ የሚጠቀስ አንድ የካሊፎርኒያ ነገር አለ። በዚያ ስቴት ከጥር 1 ቀን 1982 በፊት የተመዘገቡ የሲቪል መሐንዲሶች መሬት የመቀየስ መብትም ነበራቸው፤ ከዚያ ቀን በኋላ የተመዘገቡት ግን የቀያሽ ፈቃድ ለብቻው ካላወጡ አይፈቀድላቸውም። ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ ከማንም ይበልጥ የተማረ ሰው ነው፤ ነገር ግን እጅግ በጥንቃቄ የሚለካ ሰው ሁሉ ወሰን ይፈልጋል ማለት አይደለም። የሁለቱ ሙያዎች መለያየት በእኔ አስተያየት የሕጉን መንፈስ ከማናቸውም አንቀጽ ይበልጥ ያሳያል።

ከፈቃዱ ጋር የሚመጣ ግዴታ

ፈቃድ ያገኘ ሰው መብት ብቻ ያገኘ ሊመስለው አይገባም። የካሊፎርኒያን ሕግ እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ቀያሹ የሚተክለው የወሰን ምልክት ሁሉ የፈቃዱ ቍጥር ሊቀረጽበት ይገባል። ከብዙ ዓመት በኋላ ብረቱን የሚያገኝ ሰው ማን እንደ ተከለው ያውቃል፤ ሰውየው ቢሞት እንኳ ቍጥሩ ለሌላ አይሰጥም። ቀያሹ ከዚህ ቀደም በመዝገብ ያልታየ የወሰን ነጥብ ቢያጸና ወይም ከተመዘገበው ጋር የማይስማማ ነገር ቢያገኝ፣ በ90 ቀን ውስጥ ካርታውን ለአውራጃው አቅርቦ በሕዝብ መዝገብ እንዲገባ ማድረግ አለበት። ደንበኛው ዋጋ ስለ ከፈለ ነገሩ በምስጢር ይያዝልኝ ቢል አይሆንም፤ ጎረቤቱም፣ የጎረቤቱም ልጅ፣ መዝገቡን ከፍቶ ሊያይ ይችላል። መንገድ የሚሠራ ሰውም በመንገዱ ላይ ያሉትን የወሰን ምልክቶች ከመቈፈሩ በፊት በቀያሽ ማስመዝገብ፣ ኋላም መልሶ ማስተከል ግዴታው ነው።

ስለዚህ ግዴታ ምትክ ሕጉ ለቀያሹ አንድ ያልተለመደ መብት ሰጥቶታል። ይኸውም የወሰን ማስረጃ ለመፈለግ ወደ ሌላ ሰው መሬት መግባት ነው፤ ባለ ርስቱን ማስታወቅ በሚቻልበት ጊዜ ግን አስቀድሞ ማስታወቅ ይገባዋል። የባለቤትን መብት እጅግ በሚያከብር አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የወሰን ምልክት ያለ ሥልጣን የሚነቅል ሰውም በየስቴቱ ሕግ ይቀጣል፤ የፌዴራሉ መንግሥት የተከለውን ምልክት ሆነ ብሎ ያበላሸ ደግሞ በገንዘብ ወይም እስከ ስድስት ወር በሚደርስ እስራት ይቀጣል።

ማኅተሙን በተመለከተ አንድ ቃል ብቻ እንጨምር። ቀያሹ እርሱ ያልመራውን ሥራ ማኅተሙን እየመታ ቢሰጥ፣ ሥራው ትክክል ሆኖ ቢገኝም ጥፋተኛ ነው፤ ቦርዱ ፈቃዱን ሊያግድ ወይም ሊሰርዝ ይችላል።

ስለ ምን ከስቴት ስቴት አይሻገርም?

በኔቫዳ ፈቃድ ያለው ቀያሽ ድንበሩን ተሻግሮ በካሊፎርኒያ ለመሥራት ሌላ ፈቃድ ማውጣት አለበት። ሁለቱን የጋራ ፈተናዎች እንደ ገና ባይፈተንም የስቴቱን ፈተና መፈተኑ አይቀርም። ይህ የገበያ መዝጊያ ዘዴ ነው የሚሉ አሉ፤ አንዳንድ ጊዜም ሳይሆን አይቀርም። የመሬቱን ታሪክ ስናይ ግን ምክንያት እናገኝለታለን። በምሥራቁ በኩል ያሉት የድሮ ቅኝ አገሮች ከ1785ቱ አራት ማዕዘን በፊት የተያዙ ስለ ሆኑ ወሰናቸው ከኦክ ዛፍ ወደ ወፍጮ፣ ከወፍጮ ወደ ጅረት እየተባለ የተጻፈ ነው። ሉዊዚያና የፈረንሳይን ልማድ ወርሳ፣ ከወንዝ ዳር ተነሥቶ ወደ ውስጥ እንደ ጥብጣብ የረዘመ መሬት አላት። ቴክሳስ በ1845 ወደ ኅብረቱ ስትገባ የመንግሥት መሬቷን ለራሷ ስላስቀረች የፌዴራሉ ቅየሳ አልደረሰባትም፤ የድሮው ልክ የስፓኝ ቫራ ሲሆን በቴክሳስ 33 ኢንች ከሲሶ ተብሎ ተወስኖአል። እዚያ የስቴቱን መሬት ለመቀየስ ከተራው ፈቃድ በላይ ሌላ ልዩ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ጫማ እንኳ አንድ አልነበረም። በ1959 ዓለም አቀፉ ጫማ 0.3048 ሜትር ተብሎ ሲወሰን፣ ቀያሾች በቀድሞው ጫማ እንዲቀጥሉ ተፈቀደ። ልዩነቱ ከአንድ ሚሊዮን ሁለት እጅ ብቻ ነው፤ ይሁን እንጂ በስቴቱ የካርታ መሠረት 2 ሚሊዮን ጫማ ተብሎ የተጻፈ ርቀት ላይ 4 ጫማ ያሳስታል። እንደ ኦሪገንና እንደ አሪዞና ያሉት አዲሱን ሲይዙ ብዙዎቹ በአሮጌው ቀሩ። የፌዴራሉ መንግሥት አሮጌውን ጫማ በ2022 መጨረሻ ከሥራ አስወጣው፤ ነገር ግን በአሮጌው የተሠሩት ካርታዎች በመዝገብ ቤት ስላሉ ቀያሹ ሁለቱንም ማወቁ የማይቀር ነው።

በዘመናችን የተነሣ ክርክር

ሳተላይትና ሰው አልባ አውሮፕላን ከመጡ ወዲህ የሕጉ ወሰን ራሱ የት ነው የሚል ክርክር ተነሥቶአል። በሚሲሲፒ ቪዛላይን የሚባል ኩባንያ በውል ላይ የተጻፉትን የወሰን ቃላት እያነበበ በሳተላይት ፎቶግራፍ ላይ መስመር አድርጎ ይሥል ነበር፤ ሥዕሉንም ለትናንሽ ባንኮች ይሸጥ ነበር። የስቴቱ ቦርድ ይህ ያለ ፈቃድ መቀየስ ነው ብሎ በ2017 ከሰሰው። ኩባንያው በበኩሉ እኛ ችካል አልተከልንም፣ በመዝገብ ያለውን ቃል በሥዕል አሳየን እንጂ፣ ይህም የመናገር ነጻነታችን ነው ብሎ ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ሄደ። የአምስተኛው ክልል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2020 የሙያ ፈቃድ ሕግ ከመናገር ነጻነት ጥያቄ ነጻ አይደለም ብሎ ጉዳዩ እንዲታይ ወሰነ፤ ክርክሩም በዚያው ዓመት በስምምነት አለቀ።

በኖርዝ ካሮላይና የተነሣው ግን በሌላ መንገድ ሄደ። በሰው አልባ አውሮፕላን ፎቶግራፍ የሚያነሣ ኩባንያ ርቀትና ስፋት ሊለካባቸው የሚችሉ ካርታዎችን ለደንበኞች ለመስጠት ፈልጎ ቦርዱ ስለ ከለከለው ክስ አቀረበ። የአራተኛው ክልል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2024 ለቦርዱ ፈረደ፤ የፈቃዱ ሕግ ሙያን የሚያስተዳድር እንጂ አሳብን የሚያፍን አይደለም አለ።

በጸሐፊው አስተያየት ሁለቱም ወገን ከፊል እውነት አላቸው። ሥዕል የሚሥል ሰው ሁሉ ቀያሽ ነው ከተባለ ሕጉ ከምክንያቱ ያልፋል፤ የጣራን ስፋት ለማወቅ የጉቶ ምልክት መፈለግ አያስፈልግምና። ነገር ግን በፎቶግራፍ ላይ የተሣለ ቀጭን መስመር ያለ ብዙ ማስረጃ እውነት የመምሰል ኀይል አለው፤ ባንኩ የሚያምነው፣ ባለ ቤቱም አጥር የሚያጥርበት ያንኑ መስመር ነው። ውሉ ላይ ያለው ቃል ከድንጋዩ ጋር ሳይስማማ ሲቀር መስመሩ በማን ላይ እንደሚያርፍ ሥዕሉ አይናገርም።

የሜሪላንድ ስቴት ለዚህ ችግር መካከለኛ መንገድ አበጅታለች፤ በዚያ ስቴት፣ ይልቁንም በሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤት ገዝተው ስለሚኖሩ ነገሩን ማወቁ ይጠቅማል። በሜሪላንድ ደንብ ቀያሽ ሊሠራቸው የሚችሉ ሁለት የተለያዩ ወረቀቶች አሉ። አንደኛው የቤቱን ስፍራ የሚያሳይ ሥዕል ነው፤ ዋጋው አነስተኛ ነው፤ የሚሠራውም ለአበዳሪው ባንክና ለባለቤትነት መድን ሰጪው ሲባል ነው። ሁለተኛው እውነተኛው የወሰን ቅየሳ ነው። በመጀመሪያው ወረቀት ላይ ደንቡ የሚያስጽፈው ማስጠንቀቂያ አለ፤ ይኸውም ሥዕሉ የወሰኑን መስመር በትክክል እንደማያሳይ፣ አጥር፣ ጋራዥ ወይም ሌላ ሕንፃ ለማቆምም እንደማይታመንበት ነው። ሁለቱም ወረቀቶች ፈቃድ ያለው ሰው ማኅተም ስላለባቸው፣ ቤት የገዛ ሰው በሽያጩ ቀን ከተሰጡት ብዙ ወረቀቶች መካከል አንዱን አውጥቶ ለአጥር ሠሪው ቢሰጠው አይፈረድበትም። ማስጠንቀቂያው ግን በትንንሽ ፊደል እዚያው አለ።

አጥሩ ወደ ጎረቤት ገብቶ ቢገኝ ከማፍረስ በቀር ሌላ መውጫ ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ በዝምታ የተያዘ መሬት በይዞታ ብዛት የያዡ ይሆናል የሚለው ሕግ በሜሪላንድ 20 ዓመት ይጠይቃልና። ስለዚህ አጥር የሚያጥር ሰው ቀያሹን ሲቀጥር ስም ጠቅሶ የወሰን ቅየሳ እንዲሠራለትና ማዕዘኖቹ በመሬት ላይ እንዲተከሉለት መጠየቅ አለበት፤ የቀያሹ ስም በቦርዱ መዝገብ መኖሩንም ሥራው ከመጀመሩ በፊት ሊመለከት ይችላል፤ መዝገቡ ለማንም ክፍት ነው።